ሁለተኛ ካሴት የሌለው ፊልም

መቱ ውስጥ ዕድሜያቸው ሃምሳን የነካ ሰዎች ተሰብስበው ካገኛችሁና ሰላማቸውን መንሳት ካማራችሁ፣ ፖለቲካም ሃይማኖትም ማንሳት አያስፈልጋችሁም። «ያ የባቡሩ ፊልም መጨረሻው እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና ወደ ጥግ ተጠጉ። አንዱ ተጋቡ ይላል። ሌላው የለም፣ ባቡሩ ገደል ገባ ይላል። አንዷ ደግሞ ልጅቷ እንደ መነኮሰች በልጆቿ ስም ትምላለች። ሁሉም በጆሯቸው የሰሙትን ነው የሚናገሩት፣ ማንም አይዋሽም። እኔም ነገሩ የገባኝ ዘንድሮ፣ በእትዬ ዲሪቤ ልጅ ሰርግ ምክንያት ነው።

ሀሴት እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሙዚቃ ቤት አለችኝ። ለባጃጅ ሾፌሮች ፍላሽ እሞላለሁ፣ ለሰርግ ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ፤ ዋናው ፍቅሬ ግን ሪሚክስ ነው። አሮጌ ዘፈን ላፕቶፔ ላይ አስገብቼ እፈታዋለሁ፣ ድምፁን ለብቻ ከበሮውን ለብቻ አደርጋለሁ፣ ከዚያ በሌላ ልክ መልሼ እሰፋዋለሁ። አነጋገሬ የልብስ ሰፊ ከመሰላችሁ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው። ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። እሷ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ የኔ ስፒከር ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ባሱን ስከፍት ደግሞ የሷ መርፌ ይሰበራል፣ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ትላለች።

አክስቴ ሸዋርካብሽ ትባላለች። አላገባችም። በጊዜዋ ጠያቂ አላጣችም ነበር፤ ግን የአንዱ ትከሻ ጠበበ፣ የሌላው ወሬ ሰፋ እያለች ሁሉንም ከበር መለሰቻቸው። እናቴ ስትሞት እኔን ይዛ ቀረች። መቱ ላይ የማይፈራት ባለሥልጣን የለም፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልዘጋ ያለው ኃላፊ ሁሉ ምስጢሩ እሷ ዘንድ ነው። አዳማ የሚኖረው ወንድሟ «ሱቁን ዝጊና እኛ ጋ ነይ» እያለ ሲወተውታት ዓመታት አልፈዋል። ሁልጊዜ ስልኩን ጆሮው ላይ ትዘጋበት ነበር። ዘንድሮ ግን «እሺ፣ የዲሪቤ ልጅ የኢብሴ ሰርግ ይለፍና እመጣለሁ» አለችው።

ይህን ስትል በጆሮዬ ሰማሁ፤ ምሳዬን ገፋሁት። አክስቴን አዳማ ላይ የሰው ዩኒፎርም ስትጠግን፣ ማንም ሳይፈራት፣ ማንም ሳይለማመጣት አስቡት። እኔ ማሰብ አልፈለግኩም። እንዳትሄድ ፈለግኩ፣ ግን «አትሂጂ» ብላት ለምን እንደማትሄድ ምክንያት ትጠይቀኛለች፤ እኔ ብቻዬን ደግሞ በቂ ምክንያት እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ልጅ ያድጋል፣ ይወጣል ትለኛለች።

የኢብሴ እናት እትዬ ዲሪቤ ከመቱ አጠገብ፣ ሁሩሙ ላይ ማር ይነግዳሉ፤ ከአክስቴ ጋር የወጣትነት ጓደኞች ናቸው። አንድ ጠዋት በሚኒባስ መጡና፣ ሙሽሮቹ ድንኳን ሲገቡ የባቡሩ ፊልም ትልቁ ዘፈን እንዲከፈትላቸው አዘዙኝ። የቱ ነው ብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ማንጎራጎር ጀመሩ። ዜማው ደስ ይላል፤ ሽቅብ ይወጣና ጫፉ ላይ ትንሽ ቆሞ ቁልቁል ይንከባለላል። ልክ ጫፉ ላይ ሲደርሱ አሳላቸው። ውሃ ላቀርብላቸው ስነሳ እጃቸውን አወናጨፉብኝና ከመጀመሪያው ጀመሩ። እዚያው ቦታ ላይ ሲደርሱ እንደገና አሳላቸው።

«እትዬ፣ ጉንፋን ይዞዎታል?» አልኳቸው።

«ምን ጉንፋን?» አሉ። «ዘፈኑ ነው እንጂ።»

ፊልሙ የድሮ የሆሊውድ ፊልም ነው፤ ሰዎቹ ወሬ ጀምረው ሳያስቡት ወደ ዘፈን የሚገቡበት ዓይነት። አንዲት ልጅ ትልቅ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ባርኔጣ ትሸጣለች። አንድ ባቡር ነጂ በጣቢያው ባለፈ ቁጥር ባርኔጣ ይገዛታል፤ አንድ ራስ ይዞ ስንት ባርኔጣ። እትዬ ዲሪቤ ርዕሱን አያውቁትም፣ መቱም ላይ የሚያውቀው የለም። እኔ ባርኔጣና ባቡር እያልኩ ኢንተርኔቱን ሳምስ ሰነበትኩና ሙሉ ዘፈኖቹን አገኘኋቸው፤ ጥርት ያሉ፣ አቧራ የሌለባቸው። ጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ከፈትኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈዝዤ ቀረሁ። እኔ በኪቦርድ አንድ ጣት የሚወጣ ቫዮሊን ነበር የማውቀው። እዚህ ግን አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቀስቱን ባንድ ጊዜ ያነሳል፣ ባንድ ጊዜ ይጥላል፣ ከኋላ ጡሩንባዎቹ ሳቃቸው እንዳመለጣቸው ሰዎች ጣልቃ ይገባሉ። እግሬ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር የራሱን ምት መምታት ጀምሯል። የሰርግ ምት ነው። ዘፈኑ ሦስት ሦስት እየቆጠረ ይሄዳል፣ የኛ ከበሮ ስድስት እየቆጠረ። ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት መሆኑ የገባኝ ትምህርት ቤት ሳይሆን ያን ቀን ነው። ብቻዬን እየሳቅኩ ሱቁ ውስጥ ዞርኩ፤ ፍላሽ ሊያስሞላ የመጣ ሾፌር በር ላይ ቆሞ አየኝና ሌላ ጊዜ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

እትዬ ዲሪቤ መጥተው ሲሰሙት ግን ፊታቸው አልተፈታም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ያምራል፤ ግን ይሄ አይደለም። ሰውየው የት ሄደ?» አሉኝ። የቱ ሰውዬ ብላቸው ማስረዳት አቃታቸው። ሰውየው ነዋ ይላሉ፣ ሰውየው። ዘፈኑ እውነተኛው እንደሆነ፣ ከአሜሪካ ከራሱ ከምንጩ እንደ መጣ ብምልላቸውም «እንግዲያው አሜሪካኖቹ አበላሽተውታል» ብለው ቁጭ አሉ።

ይህን ስንነጋገር ጋሼ ሙራድ መንገዱን ተሻግረው መጡ። ጋሼ ሙራድ ፊት ለፊታችን የስልክ ዕቃ ይሸጣሉ፤ ቤተሰባቸው ከስልጤ መጥቶ መቱ የከተመ ነው። ዘፈኑ ከሱቃቸው ድረስ ጠርቷቸው፣ በራፉ ላይ ቆመው እያንጎራጎሩ ጫፉ ጋ ሲደርሱ እሳቸውም አሳሉ። እኔና እትዬ ዲሪቤ ተያየን። የጎደለውን ስንነግራቸው ተመልሰው ሄዱና ከዕቃ ቤታቸው አንድ የቴፕ ካሴት ይዘው መጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ዛሬ የስልክ ዕቃ የሚሸጡበት ቤት ቪዲዮ ቤት ነበር። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ስላልነበር አንድ ወጣት ማይክ ይዞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና የሰዎቹ አፍ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ይተረጉማል። ኩመራ ይባል ነበር። ሕዝቡ ዘፈኖቹን ስለወደዳቸው ጋሼ ሙራድ ቴፕ ሪከርደራቸውን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው ቀዱና ካሴቱን ከጎሬ እስከ በደሌ አዳረሱት። በቀዱበት ቀን ኩመራን ጉንፋን ይዞት ነበር። ኢሉባቦር ዘፈኑን ከነሳሉ አጠናው።

ካሴቱን ከፈትኩ። ቫዮሊኖቹ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጡ ይመስላሉ፣ ልጅ ያለቅሳል፣ አንድ ሰው «ጎንበስ በሉ እንጂ» ይላል። ከሁሉም በላይ አንድ ወፍራም፣ የሚስቅ ድምፅ፦ «ነጂውም አላት፦ እመቤቴ፣ ባርኔጣ አልቸገረኝም። ራሴን ነው ያጣሁት።» ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እንግሊዝኛውን አጥርቼ አዳመጥኩት። ሰውየው የሚዘፍነው ስለ አየሩ ጠባይ ነው። እትዬ ዲሪቤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «አዎ፣ ይሄ ነው ዘፈኑ» አሉ።

ያኔ ነው ያንን ጥያቄ የጠየቅኩት። መጨረሻው እንዴት ነበር? ጋሼ ሙራድ ባቡሩ ገደል ገባ አሉ። እትዬ ዲሪቤ ከተቀመጡበት ተነሱ፤ ተጋቡ እንጂ ምን ገደል አለው አሉ። አክስቴ ግድግዳውን አልፎ የመጣውን ድምፅ ሰምታ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች ብቅ አለች፣ «ተጋቡ። ሁልጊዜ ነው የሚጋቡት» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጋሼ ሙራድ ተናደዱ። ቪዲዮውን የሚያጫውተው ማን ሆነና ነው፣ እኔ አይደለሁም ወይ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ጉድ ነገሩን። ፊልሙ ረጅም ስለሆነ በሁለት የቪዲዮ ካሴት ነው የተሠራው። ከአዲስ አበባ የመጣላቸው ግን አንደኛው ብቻ ነው። ነጂው ልጅቷን ታገቢኛለሽ ብሎ ጠይቆ፣ ባቡሩ እየጮኸ፣ እሷ አፏን ልትከፍት ስትል ካሴቱ ያልቃል። ሁለተኛው ካሴት እስከ ዛሬ አልመጣም። ስለዚህ ኩመራ መብራቱን አጥፉ ይልና መጨረሻውን በጨለማ ውስጥ ከራሱ ፈጥሮ ይተርካል።

«ታዲያ ሁልጊዜ ገደል ነው የሚከታቸው?» አልኩ።

በአዘቦት ቀንና በገበያ ቀን እሳቸው ሲያጫውቱ አዎ፣ ወይ ገደል፣ ወይ በሽታ፣ ወይ ገዳም ነበር አሉ። እሁድ ግን ኳስ ስለሚጫወቱ ወንድማቸው ነበር የሚያጫውተው። እትዬ ዲሪቤ ደግሞ እነሱ የሚያዩት እሁድ ብቻ እንደነበር ተናገሩ፤ ከአክስቴ ጋር፣ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው፣ ሁልጊዜ ሲጋቡ። ከዚያ ግንባራቸውን ያዙ። አንድ እሁድ ብቻ፣ አሉ፣ አንድ እሁድ ሁለቱንም ገደላቸው። ልጅቷን በሳንባ፣ ነጂውን በሐዘን። እያለቀሱ ወጥተው ለአክስቴ ሄደው ሲነግሯት አላመነቻቸውም። አክስቴ ያን ቀን ወባ ይዟት ተኝታ ነበር።

ሦስታችንም ግድግዳውን አየን። ከወዲያ በኩል የስፌት መኪናው ይረገጣል።

ሳቄ ከሆዴ ተነሳ፤ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት። ይህ ሰው የት ነው ያለው ብዬ ጋሼ ሙራድን ስጠይቃቸው በመገረም አዩኝ። አታውቂውም እንዴ፣ ሱሪ የሚያመጣው ሰውዬ ነው እኮ አሉኝ። ኡካ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ አንድ ዝምተኛ ሰው አሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ለሥራ ወደ መቱ በመጡ ቁጥር አክስቴ ጋ ሱሪ ያሳጥራሉ። «ይሄን፣» ይላሉ። «ትንሽ፣» ይላሉ። ተቀብለው ይሄዳሉ። ከዚያ በላይ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ እኔ ድዳ ነገር ይመስሉኝ ነበር። ያ ሁሉ ሳቅና ያ ሁሉ ወሬ የሳቸው ነው ብሎ ማን ያስባል።

በነጋታው ኡካ ሄድኩ። ከጓሯቸው የቡና ተክል እያረሙ አገኘኋቸው። አስቀመጡኝ፣ የተጠበሰ በቆሎ ሰጡኝ፣ ከዚያ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ በትሕትና ይመለከቱኝ ጀመር። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። «እህ» አሉ። አክስቴ ከሰርጉ በኋላ ለሁልጊዜው አዳማ እንደምትሄድ ነገርኳቸው። በቆሏቸውን አስቀመጡ። ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ስልኬን አወጣሁና ካሴቱን ከፈትኩላቸው፤ የራሳቸውን የድሮ ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፣ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ቀጥዬ ጥርት ያለውን ከፈትኩት፣ ተርጓሚ የሌለበትን።

እንግዲህ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጋሼ ኩመራ ተነሱ። ጀርባቸው ቀና። ነጂው መዝፈን እንደ ጀመረ እጃቸውን ማይክ እንደያዘ ሰው አድርገው «ነጂውም አላት» ብለው ገቡ፣ ከዚያ ማን ያቆማቸዋል? በአማርኛ ይሄዳሉ፣ በኦሮምኛ ይመለሳሉ፣ ልጅቷን ይሆናሉ፣ ባቡሩን ይሆናሉ፣ የጣቢያውን ጠራጊ ሳይቀር ያናግራሉ። ጎረቤቶች አጥር ላይ ተንጠለጠሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ጋሼ ኩመራም አለቁ፤ ዓረፍተ ነገሩን መሐል ላይ ጥለውት ተቀመጡ።

ለምን ለራሷ አይነግሯትም አልኳቸው።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «እኔ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ሳይ ነው ቃል የሚመጣልኝ። የራሴ አፍ ላይ ስደርስ ባዶ ነው።»

ያኔ የሷ አባት ቄስ፣ የሳቸው ቤተሰብ ጴንጤ፣ ነገሩ ቀላል እንዳልነበር ቀስ በቀስ ከአፋቸው አወጣሁ። አሁን ያንን የሚያነሳው የለም፤ ቃሉ ብቻ ነው የጠፋው። ስለ ወባዋ እሁድም ጠየቅኳቸው። አንገታቸውን ደፉ።

«የፊት ወንበሯ ባዶ ነበር፣» አሉ። «ለማን ብዬ ላጋባቸው?»

ወደ መቱ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አላርፍ አልኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ሁለት ጊዜ «ምነው ልጄ» አሉኝ። ሐሳቡ መጥቶልኛል። ጋሼ ኩመራ ቃል የሚመጣላቸው ሙዚቃ ላይ ከሆነ፣ ሙዚቃ እሠራላቸዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ላፕቶፔ ላይ አፈጠጥኩ። የአሜሪካኖቹን ቫዮሊኖች ከመሠረቱ አነጠፍኩ። ከሥራቸው የሁሩሙ ሴቶችን ጭብጨባ አገባሁ፤ እትዬ ዲሪቤ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው በስልክ ቀድተው የላኩልኝ ነው፣ ዶሮ ሳይቀር አለበት። ከበሮውን በስድስት አስገባሁት፤ አንዴም አልተጋጨም፣ ሆሊውድ ሳያውቀው ለሁሩሙ ሰርግ የሠራው ነው የሚመስለው። ሳሉን ከካሴቱ ቆርጬ አወጣሁና በትክክለኛ ቦታው ተከልኩት።

ከዚያ ዘፈኑ ጫፍ ላይ ደርሶ ነጂው ከጠየቀ በኋላ፣ ካሴቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ ሁሉንም ድምፅ አጠፋሁ። ከበሮው ብቻ በቀስታ እየመታ የሚቆይበት ክፍት ቦታ ተውኩ። የጋሼ ኩመራ ቦታ ነው። ቃሉ ካልመጣላቸው ዘፈኑ ዞሮ እዚያው ቦታ ላይ እንዲደርስ አድርጌም ሠራሁት። እዚያች ላይ ሲደርስ የሆድዎን ይናገሩ፣ ፊልም ነው ብለው ያስቡ አልኳቸው በስልክ። «እህ» አሉ። እሺ ማለታቸው እንደሆነ ወሰንኩ።

እግረ መንገዴን የፊልሙን እውነተኛ መጨረሻም አየሁት። ለመቱ ሰው አልተናገርኩም፣ ለእናንተም አልናገርም። ከጋሼ ኩመራው ያንሳል።

የሰርጉ ቀን ሁሩሙ ደመቀች። ድንኳኑ ሙሉ ነው፤ ማር ሻጩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ጋሼ ሙራድም ከነቤተሰባቸው አሉ። አክስቴ ራሷ በሰፋችው ቀሚስ ከፊት ተቀምጣለች። ጋሼ ኩመራ መጡ። የለበሱት ሱሪ በተደጋጋሚ ከማጠሩ የተነሳ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቆሟል፤ አክስቴ አየችውና የራሷን ስፌት አውቃ ከንፈሯን ነከሰች። ማይኩን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት። አክስቴ ሻንጣዋን አዘጋጅታ አልጋዋ ሥር እንዳስቀመጠች ያን ጠዋት አይቻለሁ።

ኢብሴና ሙሽራው በራፉ ላይ ሲቆሙ ከፈትኩት። ቫዮሊኖቹ ሲነሱ ሕዝቡ «ኧረ» አለ። ከበሮው ሲገባ አንድ የተቀመጠ ሰው አልቀረም። ትከሻ ይወርዳል፣ እግር ይነሳል፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ በሆሊውድ ጡሩንባ ይዘላሉ። ዜማው ሽቅብ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ደረሰ፣ ድንኳኑ በሙሉ ባንድ ጊዜ አሳለ። ከሩቅ የመጡት የሙሽራው ዘመዶች ደንግጠው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እኔ ከላፕቶፔ ጀርባ እየሳቅኩ እንባዬ ይወርዳል። ጋሼ ኩመራ «ነጂውም አላት» ሲሉ ድምፁን ያወቁት ሁሉ ስማቸውን ተጣሩ። እሳቸውም ሄዱበት፤ ባርኔጣውን፣ ራሱን፣ ጣቢያውን፣ ሁሉንም። ነጂው ጠየቀ። ሙዚቃው በሙሉ ጠፋ። ከበሮው ብቻ ቀረ።

ጋሼ ኩመራ አክስቴን አዩ። ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ፣ መለሱት።

ሕዝቡ መጠበቅ የት ያውቃል? አንዱ ገደል ይግባ ይላል፣ ሌላዋ ዛሬ በሰርግ ቀን ምን ገደል ትላለች፣ እትዬ ዲሪቤ ያጋቧቸው እያሉ ይለምናሉ። ክፍቱ ቦታ አለፈ፣ ዘፈኑ ተመልሶ ዞረ፣ ጭፈራው ቀጠለ። እንደገና ያቺ ቦታ መጣች። ጋሼ ኩመራ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል። «እሷም...» አሉ፣ ቆሙ። አለፈ። ሳምንቱን ሙሉ የለፋሁበት ክፍት ቦታ፣ አንድን ሰው በሕዝብ ፊት የማዋርድበት ጉድጓድ ሆኖ ታየኝ። ዘፈኑን ላቁመው ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

አክስቴ ተነሳች። ቀሚሷን አስተካክላ በጭፈራው መሐል አቋርጣ ስትመጣ ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ የተናደደች መስሏቸዋል፣ እኔም መስሎኛል። ጋሼ ኩመራ ፊት ቆመች። ማይኩን ከእጃቸው ወሰደች። ልክ በጊዜው ሙዚቃው በሙሉ ጠፋና ከበሮው ብቻ ቀረ።

«ልጅቷም አለችው፣» አለች አክስቴ፣ ድምፅ ማጉያው እስከ ዋናው መንገድ ያስተጋባል፣ «ሱሪህን ከዚህ በላይ ካሳጠርኩት ቁምጣ ነው የሚሆነው።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን አልሳቀችም። አክስቴ ጋሼ ኩመራን ሱቋ ውስጥ ሁልጊዜ አንቱ ነው የምትላቸው። ያን ቀን አንተ ስትላቸው ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ፤ ሰዉ ፊልሙ እንዳልሆነ ገባው። አንድ እርምጃ ቀረበቻቸው።

«ያን ሁሉ እሁድ የመጣሁት ፊልሙን ላይ መስሎህ ነው?» አለች።

ጋሼ ኩመራ ፊት የሚተረጎም አፍ የለም። ሙዚቃም የለም፣ ከበሮዋ ብቻ ናት። ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

«እኔም ለፊልሙ አልነበረም» አሉ።

ማይኩ በአክስቴ እጅ ስለነበር፣ የሰማነው አጠገባቸው የቆምነው ብቻ ነን። ለአዳማ የተዘጋጀው ሻንጣ ግን እስከ ዛሬ አልጋዋ ሥር ነው።